ያልተበሳችው ደሴት

ቅጭ!

የዚያች የብረት መብሻ ድምፅ ከስድስት ዓመት በኋላም ከወልደገሪማ ጆሮ አልጠፋም። ቅጭ ባለች ቁጥር ከካርዱ ላይ ምስር የምታህል ክብ ወረቀት ብን ብላ ጣና ላይ ትወድቃለች። የጀልባው ሞተር ቤንዚን ይሸታል። ኣባዲት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ «አሁን ይኼ ውሃ እውነት መጨረሻ አለው?» ትላለች። ወሩ ጥር፣ ዘመኑም ሁለት ሺህ ስምንት ነበር።

ወልደገሪማ መርሳ መናኸሪያ ትኬት ቆራጭ ነው። እናትና አባቱ ከትግራይ መጥተው ወልድያ ጨርቅ ሲነግዱ ወለዱት፤ እሱ ደግሞ በጎልማሳነቱ መርሳ ወርዶ ከአንዲት የቆርቆሮ መስኮት ኋላ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ አልተነሣም ማለት ይቻላል። ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መስኮቱን ከፍቶ የመንገደኛውን ስም በመጣበት ተራ ይጽፋል፤ አውቶቡሱ ሲመጣም በዚያው ተራ ይቆርጣል። የወረዳ ሹም ቢመጣ፣ ቄስ ቢመጣ፣ ሼህ ቢመጣ፣ ቦታው ከመጨረሻው ስም ሥር ነው። አንድ ጊዜ ሙሽራና ሚዜ ወደ ውርጌሳ ሊሄዱ መጥተው፣ ሙሽራው የመጨረሻውን ወንበር ሲያገኝ ሚዜው ከተራው ተረፈ። ሚዜው በማግስቱ ሠርጉ ቤት ሲደርስ ድንኳን እየፈረሰ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ የመርሳ ሰው ወልደገሪማን «አባ ወረፋ» አለው፤ ስሙም እንደ ፈረስ ስም ተከትሎት ቀረ።

በሥራው ላይ ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላው የአውቶቡስ ባለንብረቶቹ ተሰብስበው ሸለሙት። ሽልማቱ ለሦስት ሰው የባሕር ዳር ደርሶ መልስና አንዲት ሰማያዊ የደሴት መጎብኛ ካርድ ነበር። ካርዷ ላይ አምስት ትናንሽ ደሴቶች ተሥለዋል፤ ጥግ ላይ የእሱ፣ የሚስቱ የኣባዲትና የልጃቸው የዊንታ ፎቶግራፍ ተለጥፏል፤ ከሥሩ «አንድ ቤተሰብ፣ ሦስት ሰው» ይላል። ዊንታ ያን ጊዜ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ሰው ሲያሳፍር የኖረው ወልደገሪማ ቤተሰቡን ይዞ ለሽርሽር ሲሳፈር ያ የመጀመሪያው ነበር።

የመጀመሪያዋ ደሴት ላይ ሎሚ እንደ ጫካ በቅሎ አዩ። ሁለተኛዋ አጠገብ ጉማሬ አንገቱን ብቅ ቢያደርግ ኣባዲት፣ «በስመ አብ! የጎረቤታችንን የአያሌውን በሬ ይመስላል» ብላ ጀልባውን ሁሉ አሳቀችው። በሦስተኛዋ ግድግዳው ሁሉ ቅዱሳን የተሣሉበት ቤተ ክርስቲያን ገቡ፤ በአራተኛዋ ዊንታ የጫማዋ ገመድ ተበጥሶ በአባቷ ጀርባ ታዝላ ወረደች። በየደሴቱ አስጎብኚው ማሩ መብሻዋን ከኪሱ ያወጣል፤ ቅጭ!

አምስተኛዋ ላይ ነገር ተበላሸ። ጀልባዋ ከድንጋዩ ሳትጠጋ አንድ መነኩሴ ከዛፍ ጥላ ሥር ብድግ ብለው፣ «ወንዶቹ ይውረዱ፤ ሴቶቹ እዚያው ይቆዩ፤ የገዳሙ ሥርዓት ነው» አሉ።

ማሩ አንገቱን አከከ። «ረስቼ ሳልነግራችሁ። እዚህ ሴት አትገባም።»

«ታዲያ ውረድ እንጂ!» አለች ኣባዲት ባሏን በክርኗ ጎሸም አድርጋ። «እኛ ውሃውን እንጠብቅልሃለን።»

ወልደገሪማ አንድ እግሩን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። «ብቻዬን ወርጄ ምን ልሠራ?»

«ዳገቱን ፈርቶ ነው» አለች ዊንታ።

«እኔን ምክንያት አድርጎ!» አለች እናቷ።

ማሩ መብሻዋን አወጣ። «በቃ ልብሳውና እንመለስ። ደርሳችኋል እኮ።»

«እንዳትበሳው!» ብሎ ወልደገሪማ ካርዷን ነጠቀው። «ማን ወረደ? ያልተሳፈረ ሰው ትኬት አይቀደድም። ሦስት ሰው የተጻፈበት ሦስቱ ካልወረዱ አይበሳም።»

«ጋሼ፣ ይኼ አውቶቡስ አይደለም።»

«ሁሉም አውቶቡስ ነው።»

ማሩ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ካርዷን ገለበጠና ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ጻፈ፦ «አንድ ደሴት ቀርቷቸዋል። ሴት የሚገባበት ሌላ ደሴት ይሰጣቸው። በፈለጉት ጊዜ ቢመጡ ሦስቱም ይስተናገዱ።» ፈረመበት። ኣባዲት መርሳ ገብታ ለጎረቤቷ ለመሪማ፣ «ሰው ለሚስቱ ወርቅ ይገዛል፤ የእኔው ደሴት አስቀመጠልኝ» ስትል ወልደገሪማ ከጓዳ ሰማት።

ካርዷ ከመስታወቱ ጠርዝ ተሰክታ ተቀመጠች። በየዓመቱ ጥር ሲመጣ ስለ እሷ ይነሣል። አንድ ዓመት ዊንታ ኮሌጅ ገባች፤ በሌላው አስተማሪ ሆና ተመለሰች፤ ከዚያ ኣባዲት ስኳር ያዛት። «ምን ያስቸኩላል?» ይላል ወልደገሪማ። «ያልተቀደደ ትኬት አይሞትም።»

ሁለት ሺህ ዐሥራ ሦስት፣ ነሐሴ። በወልድያ በኩል ከባድ መሣሪያ ሲያጓራ ሰው መጀመሪያ ነጎድጓድ መስሎት ክረምቱን ነበር ያማው። ኋላ ግን ሕዝቡ ልጁን አዝሎ፣ ፍየሉን ስቦ፣ በሲሪንቃ አድርጎ ወደ መርሳ ይፈስ ጀመር። ጦርነቱ መጣ። እግር ያለው ወደ ደሴ ቀጠለ። ኣባዲት ግን እግር አልነበራትም፤ የስኳሩ ቁስል ግራ እግሯን ይዞት ከአልጋዋ እስከ ደጃፏ የምትደርሰው በዊንታ ትከሻ ነበር። ከኢንሱሊኗም የቀረው ሁለት ብልቃጥ ነው፤ መርሳ ላይ የሚሸጥ የለም፤ ደሴ ግን አለ። ስለዚህ የኣባዲት ነፍስ በአውቶቡስ ወንበር ላይ ተንጠልጥላ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዊንታ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ላይ እየሮጠች መስኮቱ ዘንድ መጣች። «አባ፣ ሦስት ቁረጥ።»

ወልደገሪማ ዝርዝሩን አየ። አውቶቡሱ አንድ ነው፤ ተጨናንቆ ስልሳ ሁለት ሰው ይይዛል። መስኮቱ ከተከፈተ ጀምሮ የተጻፈው ስም ሰባ አንድ ደርሷል።

«ሰባ ሁለት፣ ሰባ ሦስት፣ ሰባ አራት ናችሁ» አለ ቀስ ብሎ።

«አባ!»

ከሰልፉ መካከል አንድ ድምፅ፣ «የራሱን ሊያስቀድም ነው እንዴ?» አለ። ሌላው ተቀበለ፤ «እሱ ምን ያስሮጠዋል? የሚመጡት ዘመዶቹ አይደሉ?» ሦስት አራት ሰው ሳቀ። ሠላሳ ዓመት ስማቸውን በተራ ሲጽፍ የኖረላቸው ሰዎች ናቸው። ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ ግን የእነሱን ስም ሲጽፍ እነሱ የእሱን ስም ሲመረምሩ ያስተውላል። እጁ ቆመ። ያን ጊዜ እጁን ያቆመው ሕጉ ይሁን፣ ኩራቱ ይሁን፣ ወይስ ያ ሳቅ ይሁን፣ ኋላ አንድ ሺህ ጊዜ ቢያስበው ሊለየው አልቻለም። ብቻ በሰባ ሁለት ቁጥር ላይ «ኣባዲት» ብሎ ጻፈ።

ሾፌሩ ሙሐመድዘይን መስኮቱ ሥር ጎንበስ አለ። «አያ ወልደገሪማ፣ እትዬ ኣባዲትን ሞተሩ ክዳን ላይ፣ ከጎኔ ላስቀምጣቸው። ወላሂ ማንም አያይ።»

«እኔ አያለሁ» አለ ወልደገሪማ። «ሞተሩ ላይ የሚቀመጥ ካለ ስልሳ ሦስተኛው ነው። ነገ ትመለሳለህ?»

«ኢንሻአላህ።»

«እንግዲያው ነገ እኛ ነን።»

በሞተሩ ክዳን ላይ ስልሳ ሦስተኛው፣ የማያውቀው የሲሪንቃ ገበሬ፣ ተቀመጠ። ከሾፌሩ ኋላ ደግሞ ሚስቱ ቤት እጠብቃለሁ ብላ የቀረችበት አንድ ሰው በእሷ ወንበር ላይ የቴሌቪዥን ካርቶን አስቀምጦ ተሳፈረ። ሁለት ሰው ተመዝግቦ ሁለት ትኬት ተቆርጧል፤ ወልደገሪማም ሁለት ትኬት የያዘ ሁለት ቦታ አለው ብሎ ዝም አለ። ዊንታ ያንን ካርቶን በመስኮት አየችው። አውቶቡሱ ወደ ውርጌሳ ታጥፎ እስኪሰወር ቆማ አየችው።

በማግስቱ ወልደገሪማ እንደ ወትሮው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መስኮቱን ከፍቶ ዝርዝሩን ዘረጋ። አውቶቡስ አልመጣም። መንገደኛም አልመጣም። ከሰዓት በኋላ በአስፋልቱ የመጡት የትግራይ ተዋጊዎች ነበሩ።

ከዚያ በኋላ መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ መድኃኒት ቤቶች ባዶ መደርደሪያ ሆኑ። ዊንታ ሁለቱን ብልቃጥ በእርጥብ አሸዋ በተሞላ እንስራ ውስጥ ቀብራ፣ ለእናቷ በግማሽ በግማሽ እየወጋች እስከ መስከረም አጋማሽ አደረሰቻቸው። ወልደገሪማ በሩ ላይ ያገኘውን አንድ ወጣት ተዋጊ በትግርኛ ኢንሱሊን ለመነው። ልጁ ቋንቋውን ሲሰማ ፊቱ በራ፤ እንደ አባቱ «አቦይ» ብሎ እጁን ያዘው፤ ከዚያ «ለቁስለኞቻችንም የለን» ብሎ ጫማውን አይቶ አለፈ። ከአጥር ማዶ ይኼን ያየ ጎረቤት በማግስቱ ሰላምታ ነሣው። ወልደገሪማ በዚያ ሰሞን ከሁለት ሰልፍ መካከል ቆሞ በየትኛውም ያልተጻፈ ሰው ሆነ።

በራቸውን የማይዘሉት መሪማና ባሏ ዓሪፍ ብቻ ነበሩ። ዓሪፍ የስኳር ታማሚ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ሸሽተው የተዉት መድኃኒት አለ ቢሉት ሲሪንቃ ድረስ በእግሩ ሄዶ አንድ ብልቃጥ ይዞ መጣ። ብልቃጡ መብራት በሌለው ማቀዝቀዣ ወር ሙሉ ተቀምጦ ደፍርሷል። «አብሽሪ እትዬ» አለ ዓሪፍ፤ «አላህ የፈቀደው ያህል ይሠራል።» አልሠራም።

በኅዳር መግቢያ የኣባዲት እግር ጠቆረ። ዓይኗ ግን ገና ንጹሕ ነበር። አንድ ቀን ከምሳ ሰዓት በኋላ ወደ መስታወቱ አገጯን ቀሰር አድርጋ፣ «ዛሬ ወዴት ነው የምንሄደው?» አለች።

ወልደገሪማ ገባው። ካርዷን አውርዶ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ፤ ጣቷን ይዞ የመጀመሪያዋ ቀዳዳ ላይ አሳረፈው። ስለ ሎሚው ነገራት። በማግስቱ ስለ ጉማሬው ነገራት፤ እሷም «የአያሌው በሬ» ብላ ፈገግ አለች። በሦስተኛው ቀን ሥዕሎቹን፣ በአራተኛው የዊንታን ጫማ። ዊንታ በነዚያ ቀናት ቁስሉን እያጠበች ትሰማ ነበር። አባቷ ያላየውን አንድም ነገር አልጨመረም፤ ጉማሬው አንድ ከሆነ አንድ ነው።

በአምስተኛው ቀን ኣባዲት ጣቷን ራሷ ዘረጋች። ጣቷ ቀዳዳ ፈልጎ አጣ። «ይችን ንገረኝ» አለች።

«አልወረድኩም እኮ። ምን እነግርሻለሁ?»

«ወርጃለሁ በል። አንድ ቀን እንኳ ዋሽልኝ።»

ወልደገሪማ አፉን ከፈተ። ድንጋዩ ታየው፤ መነኩሴው ከጥላው ሲነሡ ታዩት፤ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ባዶ ነበር። ዳገቱ ላይ አንድ ዛፍ ለማቆም ሞከረ፤ አልቆም አለው። ዊንታ ጨርቁን ከውሃው ላይ እንደያዘች አባቷን ታየዋለች።

«ያላየሁትን…» አለ።

ኣባዲት ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። «አይ፣ አባ ወረፋ» አለች። በሠላሳ ዓመት ትዳር በዚያ ስም ጠርታው አታውቅም።

ከዚያ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ቅሬው፣ የሠፈሩ የቀብር ማኅበር፣ እንደ ደንቡ ወጣ፤ ሰላምታ የነሣው ጎረቤት እንኳ ቃሬዛውን በአንድ ጎን ያዘ፤ ቃሬዛ ላይ ቂም አይያዝም። መቃብሩን ከቆፈሩት አንዱ ዓሪፍ ነበር። ከቀብር መልስ ዊንታ ለአባቷ አንድ ነገር ብቻ ተናገረችው፤ ጮኻም አይደለም።

«ለቴሌቪዥን ቆርጠህ ለእናቴ አልቆረጥክም።»

መልስ ነበረው። ሁለት ሰው ተመዝግቦ ሁለት ትኬት… ጀመረና ተወው።

በታኅሣሥ ተዋጊዎቹ ወጥተው የመንግሥት ጦር ገባ። ከተማው እልል አለ፤ ወልደገሪማም በሩ ላይ ወጥቶ አጨበጨበ፤ ያጨበጨበ መሆኑን ግን ሰው ዞሮ ዞሮ እያየ አረጋገጠ። አንድ ሁለቴ ሰዎች መጥተው ቤቱን ፈትሸው፣ ከመስታወቱ ላይ ካርዷን አውርደው «ይኼ ምንድን ነው?» አሉት። «የሽርሽር ነው» አላቸው። የፎቶውን ሦስት ሰዎችና ቤት ውስጥ ያሉትን ሁለት ሰዎች አስተያይተው መለሱለት።

ጥር ሲጋመስ አውቶቡስ ሊጀምር ነው ተባለ። ወልደገሪማ የቆርቆሮ መስኮቱን አቧራ ሲጠርግ መሪማ ከገበያ ስትመለስ አገኘችው። ነጠላዋን አስተካክላ፣ «አያ ወልደገሪማ፣ ከእኔ አይስሙት ብዬ ነበር» አለች። «ልጅቱ ልትሄድ ነው። መጀመሪያ ደሴ፣ ከዚያ ወዲያ አላህ ያውቃል። ሻንጣዋን ካሰረች ሳምንት ሆናት።»

«ለእኔ አልነገረችኝም።»

«ለዚህ ነው እኔ የነገርኩዎ። ፍተሻው ብዙ ነው፤ ስሟን አይተው አውርደው ያቆዩብኛል ብዬ እኔም እፈራለሁ። አንቱ አባቷ ኖት፤ አንድ ነገር ይበሏት።»

አውቶቡሱ በጀመረበት ቀን ከንጋት ጀምሮ ሰዉ መስኮቱን ከበበው። ወልደገሪማ አዲስ ወረቀት ዘረጋ። ከፊቱ የቆሙት አንዲት ሕፃን ያቀፈች ሴትና ከኋላዋ ስዩም የሚባለው ጫማ ሰፊ ነበሩ። ብዕሩን አነሣ፤ ሴትዮዋ ስሟን ልትናገር አፏን ስትከፍት በመጀመሪያው መስመር ላይ «ዊንታ ወልደገሪማ» ብሎ ጻፈ። ከደብተሩም የመጀመሪያውን ትኬት ቀድዶ ኪሱ ከተተ።

ስዩም አንገቱን አስግጎ አየ። «ጉድ በሉ! አባ ወረፋ ወረፋ ዘለለ!»

ሰልፉ በሳቅ አውካካ። ክፋት አልነበረበትም፤ ከነሐሴ ወዲህ ያ መናኸሪያ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር። ሴትዮዋም ሕፃኑን እያዛወረች፣ «ምናለበት፣ አንድ ሰው ነው» አለች። ወልደገሪማ ቀና ብሎ አያት። በነሐሴም እንዲህ የሚል አንድ ሰው ሊኖር ይችል እንደነበር ያን ጊዜ አሰበ። ጠይቆ አያውቅም። የቀረውን ስም ለረዳቱ ለአለሙ ትቶለት ወደ ቤቱ ሄደ።

ዊንታ ጫማዋን አድርጋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ሻንጣዋ ከእግሯ ሥር ነው። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ የእናቷን ባዶ ፍራሽ ታሞቃለች። ወልደገሪማ ትኬቱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ካርዷን ከመስታወቱ ነቅሎ አጠገቡ አስቀመጠ።

«አውቶቡሱ አምስት ሰዓት ላይ ይወጣል» አለ። «ይችንም ያዣት። ምናልባት በባሕር ዳር በኩል ብታልፊ… በፈለጉት ጊዜ ይላል። ጊዜ አያልፍባትም።»

ዊንታ ካርዷን አንሥታ ገለበጠች። የማሩን ጽሕፈት እስከ ፊርማው አነበበችው።

«ሦስቱም ነው የሚለው፣ አባ።»

ሕጉ የራሱ ነበር።

ካርዷን በነበረችበት መለሰችና ትኬቱን አነሣች። ስሟን አየች፤ የወንበሩን ቁጥር አየች። ቁጥሩ ላይ ብዙ ቆየች፤ በአውራ ጣቷ አንድ ጊዜ አሸት አደረገችው፤ የሚለቅ ቀለም እንደሆነ የምትፈትሽ ትመስል ነበር።

«አንድ» አለች።

«ሌላ ሰው ሳይጻፍ…» ብሎ ጀመረ ወልደገሪማ።

«ለካ ይቻል ነበር።»

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ቢኖር ይሻለው ነበር። ትኬቱን ለሁለት አጥፋ ኪሷ ከተተች፤ ሻንጣዋን አንሥታ በትከሻዋ አደረገች፤ በእናቷ ፍራሽ አጠገብ አለፈች፤ በአባቷ አጠገብ አለፈች፤ ከክፍሉም ወጣች።